አያቴ የቃኘው ወታደር፣ በኋላም የሾፕ መምህር ነበሩ፤ የእናታቸውን ወገን እንዴት ላግኝ?

የመምህሩ የልጅ ልጅ

ሰላም የጎንደር ልጆች። ጽሑፌ ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

የእናቴ አባት ኮሪያ ዘማች ነበሩ። ከክቡር ዘበኛ በተውጣጣው በቃኘው ሻለቃ ዘምተው ተመለሱ። ከ1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ወደ ጎንደር መጡና ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በከተማችን አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንጨትና የብረት ሥራ አስተማሩ። ተማሪው ሁሉ የሾፕ መምህር ነበር የሚላቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። የሚያውቃቸው ሰው ከታሪኩ ይለያቸዋል።

የቤተሰባችንን ታሪክ ለልጆቼ ጽፌ ለማስቀመጥ ተነሥቻለሁ። በአባታቸው በኩል ምንም ችግር የለም። ደምቢያ ርስት ነበራቸው፤ እናቴ እስከ ሰባት ቤት ሳትደናቀፍ ትቆጥርልኛለች። በእናታቸው በኩል ግን ያለኝ አንድ ስም ብቻ ነው፣ የራሳቸው የእናታቸው ስም። አባቷ ማን ነው? ከየት መጣች? የሚነግረኝ የለም። አያቴን በሕይወት ሳሉ ጠይቄያቸው «እናቴ ደግ ሴት ነበረች» ብለው ወሬ ቀየሩ። አክስቶቼ ደግሞ «ምን ያደርግልሻል?» ነው የሚሉኝ።

አያቴ ሲያርፉ የመሣሪያ ሣጥናቸው ለእኔ ደረሰኝ። ከዋንዛ የተሠራ ነው። ማዕዘኖቹ ያለ አንድ ሚስማር፣ በሴቴና በወንዴ ነው የተገጠሙት። ከላይ የሚነሣ መደብ አለው፤ መሮዎቹ በስፋታቸው ተራ እዚያ ላይ ተደርድረዋል። እጀታቸው ወይራ ነው፣ ከእጅ ብዛት የወዛ። ከሥር መላጊያ፣ ስኳድራ፣ ሞረድና ጉጠት አለ። ጥጉ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ሜዳይ አገኘሁ። ሪባኑ ሰማያዊና ነጭ ሰንበር ያለበት ነው፤ ከጀርባው በአማርኛ ተጽፎበታል። ወፍራም የክረምት ካፖርት ለብሰው የተነሡት ፎቶም አለ። ጀርባው ላይ በእጅ ጽሕፈት «1944» ይላል።

ሴት አያቴ ደግሞ አንድ ነገር ትል ነበር፦ «አባቱ የሞተው የሚካኤል ዕለት ነው፣ ቁልቋል በር ሲሰበር። ከዚያ እናቱ ልጇን ይዛ ወደ ወገኖቿ ገባች።» ወገኖቿ እነማን ናቸው? ፍንጭ ያለው ሰው ካለ እባካችሁ።

የታሪክ ጓዳ

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ሜዳዩ የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ ነው። ለየአገሩ ዘማች በየቋንቋው ስለተሠራ የእኛዎቹ በአማርኛ የተጻፈበትን ነው ያገኙት። ሰማያዊና ነጭ የድርጅቱ ቀለም ነው።

ፎቶው ላይ 1944 ካለ ብዙ ነገር ይቀልልሻል። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ፣ በመርከብ ፑሳን ገባ። በ1944 ሁለተኛው ሻለቃ ተካው። አዛዡ ሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ ነበሩ። ሦስተኛው በ1945 ደረሰ፤ ሐምሌ 20 ቀን 1945 የተኩስ አቁም ስምምነት ሲፈረም እዚያ የነበረው እሱ ነው። አያትሽ በ44 ሄደው በ45 የተመለሱ ከሆነ የሁለተኛው ሻለቃ ሰው ናቸው። የተዋጉት ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመድበው ነው። በጠቅላላው ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ኮሪያ ደርሰዋል። ከ120 በላይ ወድቀዋል፤ ከ500 በላይ ቆስለዋል። አንድም ሰው አልተማረከም። ይህን ለልጆችሽ ስትጽፊ አስገቢው፤ አሁንም ድረስ ደረት የሚያስነፋ ነገር ነው።

አዲስ አበባ የኮሪያ ዘማቾች ማኅበር አለ። ስትሄጂ ስማቸውን እስከ አያት ድረስ፣ ማዕረጋቸውን፣ የተወለዱበትን ወረዳ ያዢ። የአባት ስም ብቻ ይዘሽ ብትሄጂ ተመሳሳይ ስም ያለው ዘማች ብዙ ነው። ማኅበሩ የእናታቸውን ወገን ሊነግርሽ አይችልም፤ ወታደር ሲመዘገብ የሚጻፈው አባቱ ነው። ግን የቅርብ ተጠሪ ብለው ማንን እንዳስመዘገቡ መጠየቅ አይከፋም።

ሳሙና በር

እኚህን ሰው አውቃቸዋለሁ! የእኔ ታላቅ ወንድም ተማሪያቸው ነበር። ቤታችን ያለው ዱካ እሳቸው ክፍል የተሠራ ነው። እስካሁን እግሩ አልተነቃነቀም። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር።

የበለሳው

ስለ ቁልቋል በር ልጨምር። ከጎንደር ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ምሽግ ነበር። ጣሊያን አዲስ አበባን ከለቀቀ በኋላ እዚህ ጎንደር ዙሪያ መሽጎ ለወራት ቆይቷል። ጄኔራል ናዚ ከተማው ውስጥ ነበር። በሰሜን ወልከፊት፣ በደቡብ ቁልቋል በር ይጠብቁት ነበር። ወልከፊት በመስከረም 1934 እጁን ሰጠ። ቁልቋል በር የተሰበረው ኅዳር 12 ቀን ነው፤ ልክ እንዳሉት የኅዳር ሚካኤል ዕለት። ኅዳር 18 ደግሞ ጎንደር ነፃ ወጣች። ሴት አያትሽ ያሉት ቃል በቃል ትክክል ነው። እናቶቻችን ዓመተ ምሕረት ባይጠሩም ታቦት አይስቱም።

አንድ ነገር ግን አስቢበት። በዚያ ውጊያ ከእንግሊዝ ጦር ጎን የተሰለፉ አርበኞች ነበሩ፤ ከጣሊያን ጋር የተሰለፉ የእኛው ሰዎችም ነበሩ። ቅድመ አያትሽ በየትኛው ወገን እንደሞቱ ሳታጣሪ አትጻፊ። አርበኛ ከነበሩ የአካባቢው የአርበኞች ልጆች ያውቋቸዋል። ካልነበሩም የዚያን ዘመን ሰው ሕይወት ነው፤ እንደነበረ መጻፍ ነው።

የ63 ተማሪ

ልጄ፣ ይህን የልጄ ልጅ ናት የምትተይብልኝ። እኔ እየነገርኋት ነው።

የአያትሽ ተማሪ ነኝ። በ1963 ዘጠነኛ ክፍል ነበርሁ። ሾፕ ስንገባ እንጨት የምንነካ መስሎን ነበር። እሳቸው ግን በእንጨት አይጀምሩም። ቁራጭ ብረት ይሰጡሃል። በሞርሳ ታስረውና በሞረድ ስድስቱንም ገጽ እኩል አድርገህ ታወጣለህ። ሳምንት ያልፋል፣ ሌላ ሳምንት ይመጣል፣ አንተ ሞረድህን ትገፋለህ። መዳፍህ ውኃ ይቋጥራል። ጨረስሁ ስትል ታቀርብላቸዋለህ። ስኳድራውን ብረቱ ላይ ያሳርፉና ሁለቱንም ወደ መስኮቱ ያነሣሉ። በመካከል ብርሃን ካለፈ አይቆጡም፣ አይናገሩም። ብረቱን መልሰው እጅህ ላይ ያስቀምጡልሃል። ካላለፈ መዝገባቸውን አውጥተው ስምህን ይጽፋሉ። እኔ ስሜ የተጻፈ ቀን ከትምህርት ቤት እስከ ቤታችን በሩጫ ነው የሄድሁት።

ስለ ኮሪያ ብንጠይቃቸው «ብርድ ነበር» ብቻ ነው መልሳቸው።

አሁን ወደ ጠየቅሽው ልግባ። አንድ ቀን መሮ ከመነሻው እንዴት እንደሚወጣ አሳያችኋለሁ አሉን። ትምህርት ቤቱ የብረት ማጋያ ምድጃ አልነበረውም። በማግሥቱ አንድ ሽማግሌ አህያ እየነዱ ግቢ ገቡ። አህያዋ የተሸከመችው ወናፍ፣ መስፍ፣ መዶሻና ከሰል ነበር። ጉድጓድ ቆፍረው ከሰሉን አቀጣጠሉ። ወናፍ የሚነፋ ሰው ያስፈልጋል። ከተማሪ ማን ይነካዋል? ሁላችንም ወደ ኋላ አልን። መምህራችን ጋዋናቸውን አውልቀው አጣጠፉ፤ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው መሬት ላይ ተቀመጡ። ሁለቱን የፍየል ቆዳ ወናፍ በሁለት እጃቸው ያዙ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። አንዱ ሲነፋ አንዱ ይስባል፤ እሳቱ ለአፍታ እንኳ አልቀነሰም። ልጄ፣ ያ አነፋፍ አድጎ የሚለመድ አይደለም። ኮሪያ አያስተምሩትም። አዲስ አበባ ተግባረ ዕድም አያስተምሩትም። ከልጅነቱ እሳት ዳር የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው እንደዚያ የሚነፋ።

ሽማግሌው ከመኪና ባሌስትራ የተቆረጠ ብረት አግለው ቀጠቀጡ፣ አፉን አሾሉ። ከዚያ እንደገና አጋሉና ጫፉን ብቻ ውኃ ውስጥ ነክረው አወጡ። ነጭ እስኪሆን በአሸዋ ፈገፈጉት። «አሁን ዝም ብላችሁ እዩ» አሉን መምህሩ። ከአንገቱ ወደ ጫፉ ቀለም መጣ። መጀመሪያ የገለባ ቀለም፣ ከኋላው ቡናማ፣ ከሱ ኋላ ሰማያዊ። የገለባው ቀለም ስለቱ ጋ ሲደርስ ሽማግሌው ቶሎ ብለው ውኃ ውስጥ ከተቱት። ቀድሞ ቢገባ ስለቱ ይሸረፋል፤ ዘግይቶ ቢገባ ይለዝባል። መምህሩ ያን ጊዜ ነው ያስረዱን።

አንድ ልጅ ከኋላ «ቡዳ ናቸው» ብሎ አንሾካሾከ። መምህራችን ሰሙ። ብድግ አሉና እንዲህ አሉን፦ «አጎቴ ናቸው። የእናቴ ወንድም ናቸው። እኔን ያሳደጉኝ በዚህ መዶሻ ነው።» ክፍሉ ጸጥ አለ።

በኋላ ከወላጆች ቅሬታ መጣ ተብሎ ሽማግሌው ዳግመኛ እንዳይገቡ ተከለከሉ። መምህራችን ለብዙ ቀን ፊታቸው አልተፈታም። ሽማግሌው እዚሁ ጎንደር አጠገብ ካለችው ከወለቃ በኩል እንደሚመጡ ሰምቻለሁ። ስማቸውን አላውቅም። ያን ቀን የተሠራው መሮ መምህሩ ጋ ነው የቀረው።

የመምህሩ የልጅ ልጅ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሚተይቡልዎትንም ልጅ እመብርሃን ታሳድግልኝ። አንብቤ ስጨርስ እንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም።

ሣጥኑን ከፈትኩት። መሮዎቹ ሁሉ አንገታቸው ላይ የፋብሪካ ማኅተም አላቸው። አንዱ ብቻ የለውም። የእሱ አንገት ላይ የመዶሻ ምት በጣት ይዳሰሳል። በልጅነቴ ይህን መሮ እንዳልነካ ነበር የሚከለክሉኝ። ሌሎቹን እንድነካ ይፈቅዱልኝ ነበር።

ለእናቴ ደወልኩላት። እንዲህ የሚል ሰው አገኘሁ አልኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «አባቴ ለአንቺ እንዳይነገር አልከለከለም፤ የፈራነው እኛ ነን» አለችኝ። እናቴ ስታገባ የአባቴ ወገኖች ዘር ሲያጣሩ ጋብቻው ሊፈርስ ጥቂት ነው የቀረው። ከዚያ ወዲህ ነው እህትማማቾቹ ላለማንሣት የተስማሙት። የሽማግሌውን ስምና የልጆቻቸውን ስም ነገረችኝ። እስከዛሬ አንድ ብቻ በነበረው መስመር ላይ ዛሬ አምስት ስም አለ።

ዝምታ ወርቅ

እህቴ አትቀየሚኝ፣ ለአንቺ ብዬ ነው። አባቶች የደበቁት ምክንያት ኖሯቸው ነው። አንቺ ለታሪክ ብለሽ ትጽፊያለሽ፤ ነገ ልጅሽ ለጋብቻ ስትታጭ ሽማግሌዎቹ አጥንት መቁጠራቸው አይቀርም። አሁንም እኮ አልቀረም። የአያትሽን ጀግንነት ጻፊ፤ ሌላውን ተይው።

የበኣታ ጎረቤት

ከላይ ለጻፍከው ወንድም፦ ስጋትህ ይገባኛል፣ እኔም እዚሁ ከተማ ነው ያደግሁት። ግን ሰውን በሥራው መስደብ ነውር እንደሆነ አጼ ምኒልክ ገና በ1900 በአዋጅ ተናግረዋል። ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ ብሎ የሚሰድብ እንዲቀጣ ነው ያዘዙት። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ እኛ አሁንም በሹክሹክታ የምናወራው ለምንድን ነው?

ቴዎድሮስን የወለደ አገር ነው የእኛ። ጋፋት ላይ መድፍ ያስቀለጡት አውሮፓውያን ብቻቸውን አልነበሩም፤ አብረዋቸው የአገሬው ሠራተኞች ነበሩ። የፋሲልን ግንብ እያየን «የእኛ» እንላለን። ድንጋዩን የጠረቡት፣ እንጨቱን ያገጣጠሙት፣ ብረቱን የቀጠቀጡት ሰዎች ልጆች ግን መሬት አልነበራቸውም።

እህቴ፣ የጠየቅሽው ነገር መልስ ያለው እዚህ ላይ ነው። የአባታቸው ወገን እስከ ሰባት ቤት ለምን ይቆጠራል? ርስት ስለነበራቸው ነው። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ዘር መቁጠር የክርክር መሣሪያ ነበር። ዳኛ ፊት ቆመህ «የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ» ብለህ እስከ ዋናው አባት ካልደረስህ ድርሻህን ታጣለህ። ስለዚህ ልጅ ሁሉ ያጠና ነበር። ርስት በአባትም በእናትም ይወረሳል፤ የሴቲቱ ወገን ርስተኛ ቢሆን ኖሮ እሱም በደንብ ይቆጠር ነበር። ብረት ሠሪው ግን በአብዛኛው በሰው መሬት ላይ ነው የኖረ። የሚከራከርበት ስለሌለው የሚያስቆጥረው አልነበረም። ያ ወገን አጥሮ የቀረው ትልቅ ሰው ስላልነበረበት አይምሰልሽ።

አሁን የሚቀርሽ ቤተ ክርስቲያን ነው። የአያትሽ እናት የት እንደተቀበሩ እናትሽን ጠይቂያት። በየትኛው ደብር ፍትሐት እንደተደረገላቸው ከታወቀ የክርስትና ስማቸውን የሚያውቅ አይጠፋም። ተዝካራቸውን ያወጣው ማን እንደሆነም ጠይቂ። ተዝካር ያወጣ ሰው ዘመድ ነው።

ወለቃ ነታንያ

ሰላም ለሁላችሁ። ከእስራኤል ነው የምጽፈው። የተወለድኩት ወለቃ ነው፣ በዘመቻ ሰሎሞን በ1983 ነው የመጣነው። አባቴም አያቴም ብረት ሠሪ ነበሩ። ሴቶቻችን ሸክላ ይሠሩ ነበር፤ ቱሪስት የሚገዛውን ትናንሽ የሸክላ ምስል የምታስታውሱት እሱን ነው።

በአካባቢው ብረት ሠሪ ሁሉ ቤተ እስራኤል አልነበረም። ክርስቲያን የሆኑም ነበሩ። ከእኛ ወጥታ ክርስቲያን ያገባች ሴት ደግሞ ብዙ ጊዜ ስሟ በሁለቱም በኩል አይነሣም ነበር። በእኛ በኩልም ያኮርፋሉ፣ ይህን መደበቅ የለብኝም። ስለዚህ ቅድመ አያትሽ ሁለት ዝምታ ውስጥ ኖረው ሊሆን ይችላል።

የሽማግሌውንና የልጆቻቸውን ስም በውስጥ መልእክት ላኪልኝ። አባቴ 80 አልፎታል፣ ግን አእምሮው ንጹሕ ነው። የወለቃን ቤት ሁሉ ከነ በሩ ይቆጥራል። ቅዳሜ ማታ ሰንበት ሲወጣ እጠይቀዋለሁ።

የመምህሩ የልጅ ልጅ

ላክሁልህ ወንድሜ። ለአባትህ ጤና ይስጥልኝ።

ለ«ዝምታ ወርቅ»፦ አልተቀየምኩህም። ሌሊቱን ሙሉ ሳስብበት ነው ያደርኩት። አያቴ ኮሪያ መዝመታቸውን ሁሉም ይናገርላቸዋል። ጎንደር ውስጥ በእሳቸው እጅ ስንት አናጢ፣ ስንት የብረት ሠራተኛ እንደወጣ ግን የሚናገር ቤተሰብ የለንም። የሜዳዩን ወሬ ከለቅሶ ቤት እስከ ሠርግ ሰምቼዋለሁ፤ የመሮውን ዛሬ ነው የሰማሁት። አርባ ልጅ ፊት ቆመው «አጎቴ ናቸው» ያሉትን ሰው እኔ በልጆቼ ፊት ልደብቃቸው? አልችልም። ልጄን ሊያጭ የሚመጣ ሽማግሌ ቢጠይቀኝም የምመልሰው ያንኑ ነው።

ጽሑፉን የምጀምረው በእናታቸው ነው። ደምቢያና ቁልቋል በር ከዚያ ይከተላሉ፣ ኮሪያም ከዚያ።

ጋሼ፣ ያን ቀን ክፍል ውስጥ የነበረ ሌላ ሰው ያውቁ ይሆን? የሽማግሌውን መልክ፣ አነጋገር፣ የሚያስታውሰውን ሁሉ ቢነግረኝ ብዬ ነው።

የ63 ተማሪ

ሁለት ሰዎች አሉ። አንደኛው አዘዞ ነው፤ ብየዳ ቤቱን አሁን ልጁ ነው የሚሠራበት። ያን ቀን ከፊት ተቀምጦ ስለነበር ከእኔ የበለጠ ያስታውሳል። ሽማግሌውን በኋላም እቤታቸው ድረስ ሄዶ አግኝቷቸዋል ይባላል፣ ሞረድ ሊያሠራ። ሁለተኛው ባሕር ዳር ነው፤ ስልኩን አፈላልጋለሁ።

ደውዬ ነግሬዋለሁ የአዘዞውን። ደስ ብሎት «ትምጣ» ብሏል። እግሩን ስለሚያመው ከቤት አይወጣም፤ ጠዋት መድኃኒት ወስዶ ስለሚተኛ ከሰዓት በኋላ ብትሄጂ ይሻላል። እናትሽንም ይዘሻት ሂጂ። ቁጥሩን በውስጥ መልእክት ልካልሻለች።